ለጸሎት የተሰጠ ስም

ኅዳር 18፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡30

ቢሮ ነኝ፣ የሸማኔ ማኅበሩ ሽያጭ ክፍል። ጣቶቼ አልታዘዝ ብለዋል። ሜዳው ሁሉ አመዳይ ለብሷል፤ ከቤት ተነስቼ ዘመሮ ከተማ እስክደርስ ጫማዬ በስብሷል። መብራት አለ፣ ኔትወርክ የለም። እስኪመጣ አንተን ላጫውት፣ ደብተሬ።

ባናው እስከ ጣሪያ ተከምሯል። ሴቶቹ የፈተሉት የበግ ጠጉር፣ ሸማኔዎቹ የሠሩት ብርድ ልብስ። ከአ.አ. መጥቶ የሚጭን ነጋዴ ነበረን፤ መንገዱ ካስፈራ ወዲህ ቀርቷል። ሴቶቹ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ይቆማሉ። ተሸጠ ወይ አይሉም። እንዴት አደርሽ ብለውኝ ክምሩን ያያሉ። ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ደምሴ፣ የሸማኔ ማኅበራችን ሊቀ መንበር (ከዚህ በኋላ ጋ/ደ፣ ቀለም ልቆጥብ)፣ ትናንት ሐሳብ ይዘው መጡ። አ.አ. ያለው የመንዝ ልጅ ሁሉ ይበርደዋል፣ የአገሩ ባና ይናፍቀዋል፣ ስልኩን ፈልገሽ መልእክት ላኪለት አሉኝ። ስልኩን ከየት ላምጣ? የአባትሽ ደብር ድረ ገጽ ላይ አለ አይደል ወይ አሉ።

አለ። የሠራሁት እኔ ነኝ። ላስብበት አልኳቸው። ውሸቴን ነው፤ እሳቸው ሳይነግሩኝ በፊት አስቤበት ነበር።

ኅዳር 22፣ ሰኞ፣ ማታ 1፡00

አደረግሁት። ግን ከመጀመሪያው ላስረዳህ።

የደብራችን የገብርኤል ልጆች ተበትነዋል። አ.አ.፣ ደብረ ብርሃን፣ አዳማ። አባባ (ቄስ ሞላ፤ የአገሩ እኩሌታ የንስሐ አባት ናቸው) በየዓመቱ በታኅሣሥ ገብርኤል የሁሉም ስም እንዲነሳ ፈለጉ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቤቱ ዞረው በእጃቸው ጻፉ። የዓለም ስም፣ ስልክ፣ የክርስትና ስም። እኔ ድረ ገጽ ላይ አወጣሁት፣ በሁለት ገጽ። አንደኛው የስልክ ማውጫ ነው፤ ለቅሶም ሠርግም ሲኖር ሰው እንዲፈላለግ፣ የዓለም ስምና ስልክ ብቻ። ሁለተኛው የክርስትና ስም ብቻ ነው፣ ካህናቱ የሚያነቡት። የማን እንደሆነ አይታወቅም።

እንዲለያይ ያሉት አባባ ናቸው። እዚህ አገር የክርስትና ስም አይዘራም። እናት ታውቀዋለች፣ የንስሐ አባት ያውቀዋል፣ በቃ። የክርስትና ስምህን ከእናትህ ስም ጋር የያዘ ሰው ያስደግምብሃል፣ ያስመትትብሃል ይባላል። ይህን እየሰማሁ አድጌ እየሳቅሁበት ተማርኩ። የኔንም የሚያውቁት እናቴና አባባ ነበሩ። እናቴ ሞታለች። ላንተም ነግሬህ አላውቅም፤ ልማድ ሆኖብኝ እንጂ ፈርቼ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱንም ገጽ የጻፍኩት ከአባባ ዝርዝር፣ በአንድ ቅደም ተከተል ነው። መቶኛው ስልክ የመቶኛው ክርስትና ስም ባለቤት ነው። ማንም አያስተውለውም። እኔ ግን አውቃለሁ። ሁለቱን ገልብጬ ኤክሴል ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ገጠሙ።

ደብረ ብርሃን ሥልጠና ላይ ደንበኛን በስሙ ጥሩት ብለውን ነበር። በዓለም ስሙማ ማንም ይጠራዋል። ከተጠመቀ ወዲህ ብዙም ያልሰማውን ስም ቢሰማ ሆዱ ይንሰፈሰፋል፣ አገሩ ፊቱ ላይ ድቅን ይላል አልኩ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ውድ እገሌ፣ ብርዱ እንዴት ይዞዎታል? የመንዝ ባና ያሉበት ድረስ እናደርሳለን። በ«እገሌ» ቦታ የየሰዉ የክርስትና ስም።

ከሰዓቱን ሙሉ ከማኅበሩ ስልክ ላክሁ። ከሦስት መቶ ለሚበልጥ ሰው። ጋ/ደ ሻይ ጋበዙኝ፤ ከኔ በላይ ጎበዝ የለም አሉ። ደስ አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

አሥራ አንድ ባና ታዘዘ! በአንድ ቀን! ሴቶቹ እልል አሉ። አንዷ ጉንጬን ሳመችኝ፤ እጇ ጠጉር ጠጉር ይሸታል።

ከሰዓት አንድ መልስ መጣ። «ይህን ስም ማን ነገራችሁ?» ቀጥሎ ሌላ፣ ያው ጥያቄ። ቀጥሎ አንዲት ሴት ደወለች፤ ሃሎ ስላት ትተነፍሳለች፣ አትናገርም፣ ዘጋችው። ገርሟቸው ነው አልኩ።

ኅዳር 26፣ ዓርብ

አልገረማቸውም።

ስልኩ ከጠዋት ጀምሮ ይጮኻል። አንዱ ቢሯችንን አቃጥላለሁ አለ። አንዱ ከወንድሙ ጋር በርስት ተጣልቷል፤ ወንድሜ ስንት ሰጣችሁ ይላል። አንዲት አሮጊት ስሜን ምን ከፍዬ ላስመልስ ልጄ ብለው አለቀሱብኝ። የሚመልሱት ነገር እንዳልሆነ እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? ይቅርታ እማማ፣ የብርድ ልብስ ማስታወቂያ ነው አልኳቸው። ብርድ ልብስማ እኔም አለኝ፣ ስሜን ነው የምፈልገው አሉ።

በመጨረሻ ስልኩን ጋ/ደ ተቀበለኝ። ጉሮሮውን ጠረገ። ስሙን የሰጡን ቄስ ሞላ ናቸው አለ፤ እሳቸው ባርከው ነው የሰጡን። አጠገቡ ቆሜ! ለቀጣዩም ደዋይ እንዲሁ አለ፣ ለቀጣዩም። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ የቄስ ስም ሲሰሙ ይበርዳሉ፣ አታስቢ አለኝ።

ከዛሬ ጀምሮ አንቱታውን አንስቼበታለሁ። የማነሳበት ግን እዚህ፣ አንተ ላይ ብቻ ነው። ፊት ለፊት ምንም አላልኩትም። ዝም አልኩ። ይህንንም ጻፈው፣ ዝም ነው ያልኩት።

ኅዳር 28፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አባባ እንደ ልማዳቸው መስቀሉን ይዘው ደጀ ሰላሙ ጋ ቆሙ። ሰው በሌላው በር ወጣ። የመጡትም ተሳልመው አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ፤ እንዴት ሰነበቱ ያለ የለም። ከኋላ አንዱ «ደብተራ» አለ። ቀስ ብሎ ግን እንዲሰማ አድርጎ። አባባ ሰምተዋል። ጆሯቸው ደህና ነው።

ቤት ስንገባ ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅሁ። ዝርዝሩን የጻፉት እሳቸው፣ የገለበጥኩት እኔ። ሦስተኛ እጅ የለበትም። ይህን ለማወቅ ቅኔ መቁጠር አያስፈልግም። ግን አልጠየቁኝም። ገጹ አሁንም ክፍት ነው ወይ አሉኝ ብቻ። ክፍት ነው አልኩ። ዝጊው አሉኝ። ዘጋሁት።

ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነበር። አሁን በምን ይያዛል?

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ፣ ቀን 8፡00

ከአ.አ. አንዲት ሴት ደወለች። ወ/ሮ ሰናይት፣ ጠበቃ፤ እናቷ የኛ ደብር ልጅ ናቸው። መልእክቱ ለእሷም ደርሷታል። አትጮህም። ከጮሁብኝ ሁሉ ይልቅ እሷን ፈራኋት።

ማን ነው የላከው? ማኅበሩ አልኩ። ማኅበር እጅ የለውም አለች፤ የማን እጅ ነው? ገጹ እኮ ለማንም ክፍት ነበር አልኳት። ጋ/ደ የሚላትን ደገምኩላት፣ ኢንተርኔት ላይ ያለ ነገር የተሰጣ እህል ነው፣ ያለፈ ሁሉ ይቆነጥራል። እህሉም ባለቤት አለው አለች። ከዚያ ቀስ ብላ እንደ ተማሪ አስረዳችኝ። የሰው ስልክ ማውጫ ላይ ስለታየ ብቻ ለንግድ ሰብስቦ መላክ አይቻልም። የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ወጥቷል። ሰው ለአንድ ጉዳይ የሰጠውን፣ ሳይጠየቅና እሺ ሳይል ለሌላ ጉዳይ ማዋል ክልክል ነው። ሃይማኖትን የሚነካ ሲሆን ደግሞ ጥበቃው ይጠብቃል። ሁለት ገጽ አጋጥሞ የማን ምን እንደሆነ ማውጣት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

አላወቅሁም ነበር አልኩ። ቆይ አለችና ከገጹ ግርጌ ፎቶ አንስታ ያስቀረችውን አነበበችልኝ። «ይህ ስምና ስልክ ለጸሎትና ለመጠያየቅ ብቻ የተሰጠ ነው።» ማን ጻፈው አለች።

እኔ። አባባ እያሉኝ እኔ ነኝ የጻፍኩት። በዚህችው ጣቴ።

የምታደርጊውን ልንገርሽ አለች፤ እስካሁን እርስዎ ስትለኝ ነበር፣ እዚህ ላይ አንቺ አለችኝ። ዝርዝሩን አጥፊ። ለእያንዳንዱ ሰው ምን እንደተወሰደበት፣ በማን እንደተወሰደ አሳውቂ። ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጻፊ። እስከ ገብርኤል እጠብቅሻለሁ፤ ካለፈ እኔው ከስሼ አመለክታለሁ።

ለጋ/ደ ነገርኩት። ሳቀ። አ.አ. ሆና ምን ታመጣለች አለ። ከተናገርሽ ማኅበሩ ይዘጋል፣ ሴቶቹን አንቺ ታበያቸዋለሽ አለ። ይኼኛው ሳቅ አልነበረበትም።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ስንዱ መጣች።

ስለ ስንዱ ጽፌልህ አላውቅም፤ የምትጻፍ ሰው ስላልነበረች ነው፣ እንደ እጄ ነበረች። አብረን ነው ያደግነው፤ ቤታቸው ከኛ አጥር ማዶ ነው። ከሕፃንነቷ የሚጥል በሽታ አለባት። ስትወድቅ ጭንቅላቷን ይዤ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። አ.አ. ሄዳ ሐኪም ክኒን ከሰጣት ወዲህ ሁለት ዓመት አልወደቀችም። ልብስ ስፌት ቤት ተቀጠረች። ስልክ ስትደውል ድምፅዋ ወፍሮ ነበር።

መልእክቱ ደርሷታል። በክርስትና ስሟ (እዚህ አልጽፈውም፣ ከእንግዲህ የማንንም አልጽፍም)። ሥራዋን ትታ፣ አውቶቡስ ተሳፍራ መጣች። በሽታዋ በሽታ አልነበረም አሉ፣ እሷም እናቷም። ስሟን የያዘ ሰው ነው ሲጥላት የኖረ፤ ክኒኑ ሸፍኖት እንጂ አላዳናትም። ክኒኑን በመንገድ ላይ በመስኮት ጣለችው። እናቷ እትዬ ዘነቡ፣ እግዜር ገለጠልን ይላሉ። ነገ ጠበል ትገባለች።

አቅፋ ሳመችኝ። ከዚያ ጆሮዬ ሥር፣ አባትሽ ናቸው የሚሉት እውነት ነው ወይ አለችኝ። አይደለም አልኩ። እኔም አላመንኩም አለች። ማን ነው ታዲያ?

አላውቅም አልኳት።

ክኒኑን ከጠበሉ ጋር ውሰጂ፣ አይጣሉም አልኳት። አባባም እንዲሁ ብለዋት ነበር፤ የሳቸውን ምክር ግን ዛሬ ማን ይሰማል።

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

ሰበካ ጉባኤው አባባን ጠራቸው። ሴት አይገባም፣ ውጭ ግንቡ ጋ ቆምኩ። ነፋሱ ቃሉን እየቆራረጠ ያመጣልኛል። ጋ/ደ መሰከረ። በልቡ ያለው ብርድ ልብስ፣ በአፉ ያለው እግዚአብሔር። ስሙን ተቀበልን እንጂ አልሰረቅንም አለ።

አባባን ጠየቋቸው። ድምፃቸው አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ስሙን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ፣ ከኔ እጅ ወጥቷል፣ ሌላ የምለው የለኝም አሉ። ለማን ሰጡት? ዝም። ሸጡት ወይ? ዝም።

ነገሩ እስኪጣራ ንስሐ እንዳይቀበሉ ተወሰነ። የንስሐ ልጆቻቸው ሌላ አባት ይያዙ ተባለ። አርባ ዓመት ያደመጡት ሕዝብ።

አብረን ወደ ቤት ሄድን። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። መንገዱ ላይ ድንጋይ ባዩ ጊዜ ዘወር ብለው ተጠንቀቂ ይሉኛል። በሰው ፊት ሲዋረዱ ውለው እግሬ እንዳይደናቀፍ ያያሉ! ሞት ይሻለኛል ስል እውነቴን ነው።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

ሥራ ቀረሁ። አሞኛል ብዬ። ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። አንድ ጊዜ ጨው የት አለ አልኩ። አንድ ጊዜ ነፋሱ በረታ አልኩ። አባባ ጨዉ ያለበትን አሳዩኝ፤ አዎ፣ በርትቷል አሉ።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ፣ ቀን 6፡00

ስንዱ ወደቀች።

ጠበሉ ጋ፣ ድንጋዩ ላይ፣ በፊቷ። ሁለት የፊት ጥርሷ ወልቋል፣ ቅንድቧ ተተርትሯል። በቃሬዛ አመጧት። ሮጬ ሄድኩ። አላወቀችኝም። በጨርቅ ደሙን እየጠረግሁ ጭንቅላቷን ያዝኩ፣ እንደ ድሮው። በድሮው ጊዜ ግን የጣልኳት እኔ አልነበርኩም።

እትዬ ዘነቡ አያለቅሱም። ሊለቃት ነው የሚታገላት፣ ጥሩ ምልክት ነው አሉኝ። ጤና ጣቢያ ትሂድ አልኩ። ሐኪምማ ሁለት ዓመት አታለለን አሉ። ተመልሳ ትገባለች። ከጠበሉ በታች ገደል እንዳለ ታውቃለህ? እኔ አውቃለሁ።

ጥርሷን በወረቀት ጠቅልለው መስኮቱ ላይ አስቀምጠውታል። ማየት አልቻልኩም።

ታኅሣሥ 13፣ ሰኞ

ነገርኳት።

ፊቷ አብጧል፣ በአንድ ዓይኗ ታየኛለች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ድረ ገጹን፣ ሁለቱን ገጽ፣ ኤክሴሉን። ማንም አላስደገመብሽም፣ ባና ልሸጥ ብዬ ነው፣ እኔ ነኝ አልኳት። ክኒንሽን ዋጪ፣ እግርሽ ሥር ልውደቅ።

እጄን ዳበሰች። አዘነችልኝ! አባትሽን ለማዳን ነው፣ ገብቶኛል፣ እኔም ብሆን አደርገው ነበር አለች። ምለሽ ንገሪኝ አለች። ማልኩ። ሰው ለአባቱ በሐሰት ይምላል አለች።

እሺ ምን ላድርግ እንድታምኚኝ?

አሰበች። ጥርሷ ስለወለቀ ቃሉ በነፋስ ነው የሚወጣው። «ስም ምንም አያደርግም ካልሽ፣ ያንቺን ንገሪኝ። የኔን ታውቂ የለ።»

ቀላል ነው አይደል? ሁለት ቃል ነው። አፌን ከፈትኩ። እትዬ ዘነቡ በሩ ጋ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ፤ ጆሯቸው ወደኛ ነው። እኚህ ሴት አባባን ይጠላሉ ብዬ አሰብኩ። የእናቴንም ስም ያውቃሉ ብዬ አሰብኩ። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

እኔ! ሠልጥኛለሁ ባይዋ፣ የሳቅሁት፣ ከሦስት መቶ ሰው በላይ ስም በአንድ ከሰዓት የበተንኩት። የራሴን አንድ ስም ለእኅቴ መንገር አቃተኝ።

አየሽ አለች ስንዱ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ወጣሁ። አጥሩን ስዘል ቀሚሴ ተቀደደ።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

አባባ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው መጽሐፍ ይጠግናሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እኔ ነኝ አልኩ። አውቃለሁ አሉ። መርፌውን አላቆሙም።

ታዲያ ለምን ጉባኤው ፊት አልተናገሩም? እኔን ለማዳን ከሆነ አልዳንኩም አልኳቸው፤ ጮህኩባቸው ማለት ይሻላል። እስክጨርስ ጠበቁ። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ኃጢአት ሲሰሙ ኖረዋል፤ የአንዱንም በራሳቸው አፍ አውጥተው አያውቁም። ያንቺን ብጀምር ምን ቄስ ነኝ አሉ። «ሰው ራሱ ይዞት እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ሌላ ሥራ አላውቅም።»

ስም በእውነት ይጎዳል ወይ አልኳቸው። ትከሻቸውን ነቀነቁ። በስም የተጎዳ ሰው አይቶ ለመመስከር ደብተራ መሆን ያስፈልጋል፣ እኔ ደግሞ አይደለሁም አሉ፤ ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። አደራ ሲበላ ግን አይቻለሁ አሉ። ሰዎቹ ስማቸውን ሲሰጡኝ እጄን ይዘው ነበር። አንዳንዱ በጆሮዬ ነው የነገረኝ።

የስንዱን ጥያቄ ነገርኳቸው። መጽሐፉን ሰፍተው ጨረሱ፣ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ፣ ቀን 9፡30

ጠዋት ቢሮ ሄድኩ። ዝርዝሩን ከኮምፒውተሩም ከስልኩም አጠፋሁ፤ ለመጨረሻው መልእክት የሚያስፈልገኝን ስልክ ብቻ አስቀርቼ። እሱም ዛሬውኑ ይጠፋል። ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የጻፍኩትን ደብዳቤ ፈረምኩ። ጋ/ደ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። አብደሻል አለ። አንተ ነህ አባቴን ያዋረድክ አልኩት። አንተ! በአፌ! ሴቶቹ ሰሙ። ለሴቶቹ ሁሉን ነገርኳቸው። ያች ጉንጬን የሳመችኝ ቀና ብላ አላየችኝም። ከታዘዘው ባና ስምንቱ ተሰርዟል። ከእንግዲህ ቁልፍ የለኝም፤ ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወጣሁ።

ለወ/ሮ ሰናይት መልእክቱን አነበብኩላት። ምን እንደተወሰደ፣ ከየት፣ ለምን፣ በማን፣ ቅሬታ የት እንደሚቀርብ። ይበቃል አለች። ክሱንስ አልኳት። የተጎዳ ሰው አለ፣ አልዋሽሽም፣ ሊመጣ ይችላል አለች። ይምጣ። እሑድ ገብርኤል ነው። ከቅዳሴ በኋላ ቅጥሩ ውስጥ ቆሜ በአፌ እናገራለሁ፤ ለአባባ ነግሬያቸዋለሁ፣ አጠገብሽ እቆማለሁ ብለዋል።

ከመልእክቱ መጨረሻ አንድ መስመር ጨመርኩ። ያንን ለጠበቃዋ አላነበብኩላትም። ሕጉ አይጠይቅም። ስንዱ ናት የጠየቀችኝ።

ነፋሱ ቆሟል። ከአጥሩ ማዶ የእትዬ ዘነቡ ሳል ይሰማኛል። ፈርቻለሁ፣ ደብተሬ። እንደ አሮጊቷ፣ እንደነዚያ ሁሉ ፈርቻለሁ። የመጀመሪያው የሚሄደው ለስንዱ ነው። ላንተም ነግሬህ ስለማላውቅ እዚህ እገለብጠዋለሁ፦

«ይህ ማስታወቂያ አይደለም። ኅዳር 22 በክርስትና ስምዎ የብርድ ልብስ ማስታወቂያ የላክሁልዎ እኔ ነኝ። ለጸሎት የሰጡትን ስምና ስልክ ከደብሩ ድረ ገጽ ወስጄ፣ ሳልጠይቅዎ ለንግድ አዋልኩት። ቄስ ሞላ አልሰጡም፣ አልሸጡም፣ አያውቁም ነበር። በስምዎ ማንም ምንም አላስደረገም። መድኃኒት ያቆሙ ካሉ እባክዎ ይጀምሩ። ዝርዝሩ ጠፍቷል። ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ራሴ አመልክቻለሁ፤ እርስዎም በዚያ ሊከሱኝ መብትዎ ነው። የርስዎን እንደያዝኩ የኔን ይያዙት። እታገኝ ሞላ። እናቴ አስካለ ትባላለች። የክርስትና ስሜ ወለተ ሰንበት ነው።»